የሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስቱ አንባቢዎች ጉዳይ

በደርግ ጊዜ ነው... አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ፓወር አስተምራለሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ናት። እኔ የጎንደር ከተማ፣ የቀሐ ልጅ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁሉን ነገር በምሳሌ ካላስረዳሁ ሞቼ እገኛለሁ የምል ሰው ነበርኩ።

ወቅቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለነበር ምሳሌውን ከዚያው ወሰድኩ። ሦስት መምህራን አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሰው ያስተምራሉ፤ የተማሩትም እያንዳንዳቸው ሌላ ሁለት ሰው... በአምስተኛው ዙር ስንት ሰው ይማራል? ሦስት ሲባዛ በሁለት ፓወር አምስት። መጀመሪያ ፓወሩ ይሠራል፣ ሁለት አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ሠላሳ ሁለት ይመጣል። ከዚያ በሦስት ሲባዛ ዘጠና ስድስት።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ምነው ማባዛቱን አናስቀድመውም?»

«እስቲ እንየው» ብዬ ሠራሁት። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት፤ ስድስት ፓወር አምስት... ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስት። ልጆቹ ሳቁ። ቅደም ተከተል ሲዛባ ስህተቱ ይህን ያህል ያብጣል ልላቸው ዞር ስል፣ የዘመቻው ኃላፊ የሆነው ካድሬ በሩ ላይ ቆሟል። ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል።

«ጓድ፣ የመጨረሻው እንኳ ስህተት ነው» አልኩት።

«ምኑ ነው ስህተቱ?»

«ማባዛቱን አስቀደምነው። መቅደም ያለበት ፓወሩ ነው።»

ሰሌዳውን ትንሽ አየው። «የቱ እንደሚቀድም ኮሚቴው ይወስናል» አለና ወጣ።

ኮሚቴው ወሰነ። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠርተን፣ የገበሬ ማኅበራችን ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስድስት አዲስ አንባቢዎች እንደሚያፈራ ተነገረን። አጨበጨብን። እንግዲህ በገበሬ ማኅበሩ ያለው ነፍስ በሙሉ፣ ከአራስ ልጅ እስከ አልጋ ቁራኛ ቢቆጠር ሁለት ሺህ ቢሞላ ነው። ቀጥሎ የእቅዱ አፍላቂ ተብሎ የኔ ስም ተነበበ። እቅዱ ካልተሳካ ደግሞ አሻጥሩን የሠራው ማን እንደሆነ ይታወቃል ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ፈራሁ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ተገኘ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ምነው መምህር፣ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣኸው?»

አስረዳኋቸው። የፓወሩ መቅደም ከካድሬው ይልቅ ለእሳቸው ገባቸው። «በል አንተ መዝገቡን ያዝ። ሰውስ እኛ ዘንድ ሞልቷል» አሉኝ።

እውነትም ሞልቷል። በዚያ አገር ሰው በአንድ ስም አይኖርም። አባቱ ያወጣለት አለ፣ እናቱ የምትጠራበት አለ፣ የክርስትና ስሙ አለ፣ ሰፈርተኛ የለጠፈበት አለ። ሴት ከሆነች ደግሞ ስትዳር አማቷ ያወጣችላት ይጨመራል። አያ ተገኘ በቃላቸው እየጠሩ እኔ እየጻፍኩ፣ መዝገቡ በአራት ቀን ሞላ። የራሳቸው አንድ ልጅ እንኳ ደሳለኝ፣ አበጀ፣ ወልደ ጊዮርጊስ እና ጋሻው ተገኘ ተብሎ አራት ጊዜ ማንበብና መጻፍ ቻለ።

እቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ። ባንዲራ ተሸለምን። ካድሬው ተሹሞ ጎንደር ገባ፣ እኔም እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ... ኮታው የወጣው ከዚያው መዝገብ ነው።

በምልመላው ቀን መጀመሪያ የተጠራው የሊቀ መንበሩ ቤት ነው፤ «ደሳለኝ ተገኘ» ሲባል ልጁ አቤት ብሎ ማኪናው ላይ ወጣ። አበጀ ተገኘ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ተገኘ፣ ጋሻው ተገኘ ተጠሩ... የሉም። በማግስቱ አያ ተገኘ ሦስት ልጆች ደብቀዋል ተብለው ታሰሩ። ያላቸው ልጅ ያው አንዱ ነበር፤ እሱንም ሰጥተዋል።

እኔን ያዳኑኝ ሰው ናቸው፣ ዝም ብል እግዜርም አይወደውም። በአውቶቡስ ጎንደር ወርጄ፣ አሁን ምልመላውን የሚመራው ያው ካድሬ ቢሮ ገባሁ። ነገርኩት። «ጓድ፣ ስሙ አራት ነው እንጂ ሰውየው አንድ ነው። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምትጠይቁት እኔን ነው።»

ተነስቶ በሩን ዘጋው። «እሱ አንድ ከሆነ... ሰባት ሺዎቹስ?»

«እነሱም እንደዚያው ናቸው።»

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ለዚያ ወንበር ያበቃችው ያቺው ቁጥር ናት፤ እኔ ብታሰር እሱም ይከተለኛል። ወረቀት ሳበና ጻፈ። አበጀ ተገኘ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ተገኘ እና ጋሻው ተገኘ ግዳጃቸውን ሲወጡ በጀግንነት ተሰውተዋል። ማኅተም መታበት።

«አባትየው ይፈታ። አንተም አፍህን ዝጋ» አለኝ።

አያ ተገኘ የሦስት ጀግኖች አባት ተብለው ተፈቱ። ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሚስታቸው የክርስትና ስሙን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ልጅዎ ደህና ነው፣ ይህ የወረቀት ነገር ነው ብላቸው አልሰሙኝም።

«ቄሱ ለፍትሐት የሚጠሩት በዚህ ስም አይደል?» አሉኝ። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ልጁ ከዓመታት በኋላ በሕይወት ተመለሰ፤ እናቱ ግን ቀድመውት አልፈው ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ሳገኘው «አበጀ» ብዬ ተጠመጠምኩበት።

«መምህር፣ አበጀ እንኳ ሞቷል... ደሳለኝ ነኝ» አለኝ እየሳቀ።

ሦስት ሰው ገድሎ የተሸለመ የሂሳብ መምህር ካያችሁ፣ እኔ ነኝ።