ካምፓላ የሚባል ጫካ

የተያዝኩት ሞጣ መግቢያ ላይ ባለው ኬላ ነው፤ ቦርሳዬን የከፈትኩትም ራሴ ነኝ። ፈታሹ ወታደር ሌሎቹን የሚኒባስ ተሳፋሪዎች ላይ ላዩን እየዳበሰ ሲያሳልፋቸው፣ እኔ ሥራውን ላቃልልለት ብዬ ዕቃዎቼን አውጥቼ መንገድ ዳር ደረደርኩለት። በሶ በከረጢት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጋቢ፣ የዝናብ ሸራ፣ የእጅ ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ ፋሻና አዮዲን፣ ወፋፍራም ካልሲዎች። ወታደሩ ድርድሩን አየ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛው ደግሞ አለቃቸውን ጠራ።

«ወዴት ነው ጉዞው?» አለ አለቃው።

«ወደ ካምፓላ።»

«እሱ ደግሞ የቱ ጫካ ነው?»

ጫካ ሳይሆን የኡጋንዳ ዋና ከተማ እንደሆነ በአክብሮት አስረዳሁት። እዚያ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ልቦለድ ልጽፍ ነው አልኩ። ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ብቻዬን ነው አልኩ። ፓስፖርቴን ጠየቀኝ፤ ባሕር ዳር ደርሶልሃል ስለተባልኩ እሱን ልቀበል እየሄድኩ እንደሆነ፣ ሞጣም የምወርደው አክስቴን ለመሰናበት ብቻ መሆኑን ነገርኩት። መልሶቼ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ አንዱም ግን አልጠቀመኝም።

በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ በሶ ቋጥሮ፣ ሸራና ፋሻ ይዞ ከቤቱ የወጣ ወጣት የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ይህን አውቃለሁ። በትንሽ ገንዘብ ውጭ አገር ለመኖር የሚያስፈልገው ዕቃና ጫካ ለመግባት የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላስተዋልኩም።

ለመሄድ ያሰብኩት ቢቸና እያለሁ ነው። መንገድ ተዘግቶ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ስለተቋረጠ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ጊዜውን በከንቱ ላለማሳለፍ ልቦለድ ልጀምር አሰብኩ። ቢቸና ላይ ግን አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ከተቀመጠ ታሟል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቶች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። በማግስቱ አንዲት ዘመዳችን ጸበል እንደሚሻለኝ ለእናቴ በሹክሹክታ ነገረቻት። ካምፓላ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ በስልክ እንደነገረኝ፣ እዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ጠባብ ክፍል በርካሽ ይገኛል፤ የሚያውቅህ ሰውም የለም። እሱ ይህን የመጨረሻውን እንደ ችግር ነበር የነገረኝ። ልጆች እያስጠናሁ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለኪራይ እንጂ ለምግብ ስለማይበቃ እናቴ በሶውን አዘጋጀች። በእሷ ሐሳብ ካምፓላ የሚበላ ነገር የማይገኝበት አገር ነው።

ያስገቡኝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ወጥተው ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ የላብ፣ የእርጥብ ጫማና የቆየ ጠመኔ ሽታ ነበረው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልተጠፋ ትምህርት አለ፤ የሰው ሆድ ዕቃ ሥዕል፣ ከአፍ ተነስቶ ቁልቁል ከሚወርዱ ቀስቶች ጋር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እኔ ከልማዴ ሄጄ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው ሥር ተቀመጥኩ። ያ ቦታ የአንድ አዛውንት መኝታ ኖሮ በትሕትና አስነሱኝ።

ክፍሉ ደንብ ነበረው። አዲስ የገባ ሰው ቆሞ አገሩንና የተያዘበትን ጉዳይ ለሁሉም ይናገራል። የክፍሉ ኃላፊ ከሆሳዕና ወደዚህ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የጤና መኮንን ነበር፤ ሁሉም ዶክተር ይለዋል። የተያዘው የአንድ ቁስለኛ እግር አሽጎ፣ እግሩ የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠይቅ በመቅረቱ ነው። ሰሌዳው ላይ ጉበቱ በተሳሳተ ጎን ተስሎ ስላስቸገረው በጣቱ አጥፍቶ በጠመኔ ስባሪ አስተካክሎታል። ቦታቸውን የያዝኩባቸው አዛውንት ደግሞ የሞጣ ነጋዴ፣ ሐጂ ነበሩ። ለአንድ ደንበኛ ብዙ የላስቲክ ጫማ በአንድ ጊዜ ሸጠዋል ተብለው ነው የገቡት።

«ስንት እግር እንዳለው መጠየቅ ነበረብኝ» አሉኝ ሲያስረዱኝ።

እኔም ተራዬ ደርሶ ቆምኩና ስለ በሶው፣ ስለ ካምፓላና ስለ ልቦለዱ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። ስጨርስ ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ሁላችንም ምንም አላደረግንም ነው የምንለው» አሉ። «እንዳንተ ግን ተጨንቆበት የመጣ የለም።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ ካምፓላ ሆነ።

በክፍሉ ውስጥ የሚወራው ሁሉ አንድ ነገር ነበር። ጉዳያቸው ያልተጣራላቸው ሰዎች በቅርቡ በጭነት መኪና ወደ ሩቅ ካምፕ ይወሰዳሉ ተብሏል። ከዚያ በፊት ዋስ አቅርቦ የወጣ ወጣ፤ ያልወጣ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። አክስቴ ዋስ ልትሆነኝ ስንቅ ይዛ በየቀኑ አጥሩ ሥር ትቆማለች። የጎደለኝ መርማሪው የሚያምነው ምክንያት ብቻ ነበር።

ዶክተሩ አሰበበት። እንደሱ አባባል፣ ልቦለድ ልጽፍ ነው ብሎ አገሩን የሚለቅ ሰው መርማሪው አይቶም ሰምቶም አያውቅም፤ በመተማ በኩል ወጥቼ የቀን ሥራ ልፈልግ ነበር ብል ግን ወዲያው ይገባዋል። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች እንዲህ ብለው ምክር ተሰጥቷቸው ወጥተዋል። ክፍሉ በሙሉ በሐሳቡ ተስማማ። ሐጂ መርማሪውን ሆነው ይጠይቁኛል፤ እኔ እመልሳለሁ። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ሐጂ ግን እጄን ይዘው መዳፌን እንደ ጣቃ ጨርቅ በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ይሄ ሐር ነው» አሉ። «በዚህ እጅ ማንም አይቀጥርህም።»

ስለዚህ መዳፌን ግድግዳው ላይ እንድፈገፍግ ተወሰነ። ዶክተሩ ቆዳው እንዲሻክር እንጂ እንዳይቆስል አጠገቤ ቆሞ ይቆጣጠር ነበር። እየፈገፈግሁ ሳለ ልቦለዱ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ነገርኳቸው። የጁቤ፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የሚኖር፣ በየጠዋቱ የዘነበውን ዝናብ ለክቶ ለአንድ መሥሪያ ቤት በስልክ የሚያሳውቅ ሰው አለ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሰውዬው በየጠዋቱ ዜሮ ይላል። እያደር ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ፤ እሱ ግን መለካቱን አልተወም። አንድ ማለዳ ከእንስራው ውሃ በኩባያ ቀድቶ መለኪያው አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«ከዚያስ?» አሉ ሐጂ።

«አላወቅሁም። እዚያ ሄጄ ነው የምደርስበት።»

«የየጁቤን ዝናብ ካምፓላ ሄደህ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጠባቂው ምን እንደሆነ ለማየት በመስኮት ብቅ እስኪል ድረስ ሳቁብኝ፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ተጠራሁ። መርማሪው የተቀመጠው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ስገባ ጥፋት እንዳጠፋ ተማሪ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኖቹ ደክመዋል፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። ጥያቄዎቹ ሐጂ በጠየቁኝ ቅደም ተከተል መጡ ማለት ይቻላል። ለሥራ ነው አልኩ። በመተማ በኩል ነው አልኩ። እጄን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሁሉንም ጻፈው። ከዚያ የኬላውን ወረቀት ገለጥ አደረገ።

«እዚህ ላይ ግን ልቦለድ ልጽፍ ነው ብለሃል።»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ለምን ዋሸህ?»

ይህን ጥያቄ ሐጂም ዶክተሩም አላሰቡትም ነበር። መርማሪው የፈራሁ መሰለው፤ ድምፁንም አለዘበ። ግድ የለም፣ ልቦለድ ያልኩት ከድንጋጤ የተነሳ የፈጠርኩት ነው ብለህ ፈርም፣ አክስትህም በር ላይ ናት አለኝ። እስክሪብቶውን ወደኔ ገፋ አደረገው።

አነሳሁት። ስለ ቀን ሥራው ስዋሽ እውነቱ ውስጤ በቦታው እንዳለ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አልከበደኝም። አሁን የተጠየቅሁት እሱኑ አሳልፌ እንድሰጥ ነው። በሕይወቴ ለመምህርም ሆነ ለሹም እንቢ ብዬ አላውቅም። አሁንም እንቢ ማለቴን ያወቅሁት ድምፄን ስሰማው ነው።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። ውሸቱ የቀን ሥራው ነው።»

መርማሪው ወደ መዳፌ አየ። «እጅህስ?»

«ግድግዳ ላይ ፈግፍጌው ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ልቦለዱን እንድነግረው አዘዘኝ። ስለ የጁቤው ሰው፣ ስለ ዜሮውና ስለ ኩባያው ነገርኩት። እሱም መጨረሻውን ጠየቀኝ፤ እኔም እንደማላውቀው ነገርኩት።

«አንተም ካላወቅኸው እኔ ምን ብዬ ልመዝግበው?» አለና ወደ ክፍሉ እንድመለስ ለጠባቂው ምልክት ሰጠ።

የሆነውን ሳወራ ክፍሉ እንደ ፈተና ውጤት በጥሞና አዳመጠኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ሐጂ መዳፌን ደግመው አዩና፣ «ይሄን ሁሉ ግድግዳ በከንቱ ፈጨነው» አሉ። ዶክተሩ ግን ተነስቶ የሰሌዳውን ጥግ በዓይኑ ለካ። በተራ በምንተኛበት፣ አንዱ እግሩን ሲዘረጋ ሌላው በሚያጥፍበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ቦታ ከለለልኝ። ሐጂ መኝታቸውን ለቀቁ። አክስቴ ከስንቁ ጋር ያስገባችልኝን ጋቢ ሁለት ሚስማር ላይ ሰቀሉትና እኔን ከኋላው አስቀመጡኝ። ሐጂም ደንብ አውጥተው ለሁሉ ተናገሩ፤ ከምሳ በኋላ ጋቢው ሲጋረድ ካምፓላን ማንም አያናግርም።

ወረቀትም እስክሪብቶም አልነበረኝም። ጉልበቴን አቅፌ፣ የሰሌዳውን አንጀት እያየሁ በልቤ እጽፍ ነበር። ያ ጸጥታ ግን ጸጥታ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንዱ ሲያስል ሌላው «ዝም በል፣ ይጽፋል» እያለ ይጮህበታል። ሐጂ ደግሞ ራሳቸው ያወጡትን ደንብ መጠበቅ እያቃታቸው በጋቢው ጫፍ በኩል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኝ ነበር፤ «ዘነበ?»

መኪናው የመጣው በአንድ ጠዋት ነው። በር ላይ ቆመው ስም ጠሩ። የዶክተሩ ስም ተጠራ፤ የእኔ አልተጠራም። ለምን እንደቀረሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶክተሩ ጫማውን አሠረ፣ ኪሱ የነበረውን የሳል መድኃኒት ለሚያስለው እስረኛ ሰጠ፣ ወደኔም መጣ።

«መጨረሻውን ሳትነግረኝ ልሄድ ነው» አለኝ።

 በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ከምሳ በኋላ ጋቢውን መጋረድ እንዳይረሱ ለሐጂ አሳሰበ። ያን ቀን ጋቢው ተጋረደ። ከጋቢው ማዶ ማንም አላሳለም፤ ሐጂም ምንም አልጠየቁኝም። የጁቤው ሰው ምን እንዳደረገ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የተለቀቅሁት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ፣ በአክስቴ ዋስትና ነው። መርማሪው ቦርሳዬን መለሰልኝ፤ ባትሪውና ሸራው አሉ፣ በሶው የለም። ወጣ ከማለቴ ጠራኝ።

«ሰውዬውስ?»

«ውሃውን ራሱ ጠጣው፣ ጌታዬ። ከዚያ ዜሮ ብሎ ጻፈ።»

«ማንም ሳያየው?»

«ማንም ሳያየው።»

ትንሽ አሰበና እንድሄድ በእጁ አመለከተኝ። አጥሩ ሥር አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝና መዳፌን ስትይዝ ደነገጠች፤ ምን ሲያሠሩህ ከረሙ ብላ አለቀሰች። ግድግዳ ነው ብላት ስላልገባት የበለጠ አለቀሰች።

ዛሬ ትምህርቴን ከመጀመሪያው ዓመት እንደገና ጀምሬአለሁ። ካምፓላ አልሄድኩም፤ ፓስፖርቴን ለመቀበልም አልተቻኮልኩም። ሐጂም ተፈትተው ሱቃቸውን ከፍተዋል። በሞጣ ሳልፍ ጎራ ስል ጫማ የሚገዛ ሰው ቢኖር እንኳ እሱን አስቆይተው፣ «እህ፣ ዘነበ?» ይሉኛል። ዶክተሩ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የምጽፈው፣ አንድ ቀን ብንገናኝ መጨረሻውን ከአፌ እንዳይሰማ፣ ራሱ እንዲያነበው ነው።

ለዕረፍት ቢቸና ስገባ ያንኑ ጋቢ ክፍሌ በር ላይ እሰቅላለሁ። ነገሩን ለእናቴ ብዙ አላብራራሁላትም፤ ጋቢው ሲጋረድ ካምፓላን ማንም አያናግርም የሚለውን የሐጂን ደንብ ብቻ ነገርኳት። ባለፈው አንዲት ጎረቤታችን ደጅ ላይ ቆማ ስትጠይቅ ከውስጥ ሰማሁ፤ ልጅሽ ጠፋብን፣ አመመው እንዴ ትላለች።

«ደኅና ነው፤ ካምፓላ ነው» አለች እናቴ።

«ውይ፣ መቼ ሊመጣ?»

«ለራት።»