ቆረጥኩት ያልኩት ጆሮ

ክፍሉ አራት በአራት ቢሆን ነው። እኔ ስገባ አስራ ስምንት ሰው ነበረበት። ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ፤ የባልዲው፣ የካልሲው፣ የበርበሬው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነው። ከጣሪያው ስር ካለችው ሽንቁር የሚገባው ብርሃን፣ በቃ፣ የትም ስቱዲዮ አይገኝም። ይሄንኑ ለካቦው ነገርኩት። ካቦ የክፍሉ አለቃ ነው፤ እሱም እንደኛው እስረኛ።

"ምን አድርገህ ነው የገባኸው?" አለኝ።

"ፎቶ አንስቼ።"

"ፎቶ በማንሳት ይታሰራል እንዴ?"

"በጣም ጥሩ ፎቶ ነዋ!"

ሳቁ። የትም ገብቼ ሰው ሳላስቅ ወጥቼ አላውቅም።

ካዛንቺስ ሃያ ሁለት ዓመት ፎቶ ቤት ነበረኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ካሜራ ፈታትቼ፣ ሲገጠም እምቢ ሲለኝ ሌላ ገዝቼ ነው የተማርኩት። ጉርድ ፎቶ ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሰፈሩን ጠይቁ እላችሁ ነበር፣ ፈርሷል እንጂ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጣች። ሲወለዱ ወንድ ከተባሉ፣ እነሱ ግን ሴት መሆናቸውን ከሚያውቁ ሰዎች አንዷ ናት። ትራንስ ይላሉ ራሳቸውን። "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንደራሴ ሆኜ ፎቶ መነሳት እፈልጋለሁ" አለችኝ። አነሳኋት። ጓደኞቿን አመጣች፣ ሰባት ሆኑ። መኖራችን ይታወቅ፣ መልካችን ግን አይታወቅ አሉ። ማለቴ፣ ለፎቶ አንሺ ከዚህ የባሰ ትእዛዝ የለም። ከኋላ አነሳኋቸው፤ ማጅራት፣ ትከሻ፣ እጅ። ትልልቅ አድርጌ አተምኩና አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ለሚያምኗቸው ሰዎች አሳየን። ከተጋበዙት አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። በሶስተኛው ቀን ፖሊሶች ሱቄ መጡ። ካሜራውንም፣ ፎቶዎቹንም፣ እኔንም ወሰዱ።

በገባሁ በማግስቱ ልጅቷን አምጥተው እኛ ክፍል አስገቧት። ባምቢስ ጋ አለባበሷ አላማራቸውም፣ ከታክሲ አውርደው ያዟት። መታወቂያዋ ወንድ ስለሚል ከወንዶች ጋር። ፀጉሯን ላጭተዋታል። ከፎቶው ጋር ግን አላገናኟትም። እኔም እንደማላውቃት ሆንኩ፣ እሷም እንደዚያው። ከባልዲው አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አንዱ "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" ብሎ ምንጣፉን ከእሷ አራቀ። ከዚያ በኋላ ያናገራት የለም።

ሐሙስ ከሰዓት አስፈርመው እንደሚለቋት ተነግሯታል። ከፎቶው ጋር ከተገናኘች ግን ፋይል ይከፈትባታል፣ ቄራ እናቷ ቤት ይኬዳል። እናቷ የምታውቀው ነገር የለም።

ሐሙስ ጠዋት ቆጠራ ላይ መርማሪው ትልቁን ፎቶ ይዞ ገባ። የእሷን። ጥፋቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት "ፀጉር ወደኋላ፣ ጆሮ ይታይ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መታወቂያና ፓስፖርት ያለ ጆሮ አይሆንም። ከኋላ ሳነሳትም እጄ ለምዶበት ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጌላት ነበር። አንዱ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ጉድለት አለው። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። አሁን ደግሞ ራሷ ተላጭቷል።

"ይሄ ጆሮ እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጆሮ ነው" አለ መርማሪው። ከረድፉ ዳር ጀምሮ እያንዳንዱን ሰው ማየት ጀመረ።

"ጌታዬ፣ ጆሮውስ ሙሉ ነበር" አልኩት። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ምን?"

"ባክግራውንድ ስቆርጥ። ኮምፒውተር ላይ ዙሪያውን ሳጠፋ እጄ ሸርተት አለና ጆሮውን ይዞ ሄደ።"

"አንተ ካዛንቺስን የሚያህል ሰፈር ውስጥ አንደኛ ነኝ አላልከኝም?"

"ጉራ ነው ጌታዬ። የብዙ ሰው ጆሮ ቆርጫለሁ።"

መርማሪው ቆመ። ከኪሱ የራሱን መታወቂያ አወጣና ለካቦው አሳየው። ፎቶው ላይ ጆሮው ግማሽ ነው።

"ይኸው፣ እኔንም እንዲህ አድርገውኛል። እናንተ ፎቶ ቤቶች!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሳስቅ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን የሳቁት ግን በእኔ ነው። መርማሪው ጆሮ ፍለጋውን ትቶ፣ ፎቶው በባለሙያው የችሎታ ማነስ የተበላሸ መሆኑን ጻፈና ሰጠኝ። ሁለቴ አነበብኩት። ፈረምኩ። እሷ ጉልበቷን እያየች ነበር።

"አራት ቀን ሙሉ አደነቆርከን" አለኝ ካቦው፣ "ለካ ጆሮ ቆራጭ ነህ!"

ከሰዓት መታወቂያዋ ላይ ባለው ስም ተጠራች። ወዲያው አልተነሳችም። መጀመሪያ ካርቶኑን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ባልተጠቀመችበት በራሷ ድምፅ፣ "ያውጣችሁ" አለች። የሚወጣ ሁሉ የሚለው ነው፤ የቀረው ደግሞ አሜን ይላል። ማንም አላለም። ፖሊሱ በሩን ይዞ ይጠብቃል።

"አሜን በሉ እንጂ!" አለ ካቦው። "መውጣት አትፈልጉም እንዴ?"

"አሜን" አልን። ምንጣፉን ያራቀውም አለ።

እኔ አስራ አንድ ቀን ቆይቼ በዋስ ወጣሁ። አሁን ወሎ ሰፈር ነው የምሰራው። እሷ ደህና ናት፤ ይሄንን ጻፈው ያለችኝም እሷ ናት። ያ ፎቶ ካነሳኋቸው ሁሉ አንደኛው ነው። ተበላሽቷል ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት እዚያው ፋይሉ ውስጥ አለ። ይኑር።

በቀደም ካቦውን በሱቄ በር ሲያልፍ አገኘሁት። ተቃቀፍን። ስራ አግኝቶ ጉርድ ፎቶ ተጠይቋል።

"ግባ!" አልኩት።

"ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ የስራ ነገር ነው" አለና ጎረቤቴ ያለው ፎቶ ቤት ገባ። እስኪወጣ ጃንጥላውን ይዤለት ቆምኩ። ሲወጣ አራቱን ፎቶ ዘርግቶ አሳየኝ። ፊቱ ጨልሟል፣ አገጩ ወደ ላይ ሄዷል።

"ሁለቱም ጆሮዬ አለ፣ አየህ?"

"አለ" አልኩት። "ጥሩ ነው።"