የሲሚንቶው ገደል

ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ሦስት ቀይ ዓሦቹን ከነመስታወት ሣጥናቸው ለእኔ አደራ ሰጠኝ። ለፋሲካ ሲመጣ ላስደንቀው ብዬ፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም እንደ ገደል ጠረብኩ። ከዓሦቹ ጀርባ የሚቆም ጌጥ ነው፤ ላዩን በሲሚንቶ ለሰንኩት።

ግንበኛው አባቴ ሲሚንቶውን ሲሰጠኝ የተሰነጣጠቀ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። «ሲሚንቶ እንዲህ አድርጎ ነው የሚበላው። ከለሰንሽው በኋላ ገደሉን ሁለት ሳምንት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ውኃውን በየቀኑ ቀይሪለት» አለኝ።

እሺ አልኩ። ግን መጠበቅ አልወድም፤ በዓሉም ደርሶብኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹ ከገደሉ ሸሽተው አንድ ጥግ ላይ ተከማችተዋል፤ አፋቸውን ከውኃው በላይ ይከፍታሉ። ውኃው ጥርት ያለ ነው። እጄን ስነክር ግን እንደ ሳሙና አሟለጨኝ።

አባቴም ጣቱን ነክሮ አሻሸ። አልተቆጣም፤ የፈራሁት ይሄኔ ነው።

«ሲሚንቶው ውኃው ውስጥ ለቅቋል። ንጹሕ ውኃ አምጪ፤ ቶሎ።»

ባልዲ ይዤ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጥኩ። ውኃ ጠፍቷል። ባዶውን ባልዲ ይዤ ስመለስ ስልኬ ጠራ፤ ወንድሜ ነው።

«አውቶቡሳችን አምበር ከተማን አለፈ፤ ልደርስ ነው። ትልቋ ዓሣ እንዴት ናት?»

«ና፣ ታያታለህ» አልኩት።

በጎኗ ተጋድማ ነበር።