ከፈነዳ ኮከብ የሚመጣው ጨረር

የልጄን ሥራ ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ኮከብ ታያለች» ብዬ አልፍ ነበር። ኮከብ ማየት ማንን ይጎዳል? አንድ እሑድ ምሳ ላይ ግን «ለመሆኑ ከኮከቡ ምኑን ነው የምታዪው?» አልኳት።

«ትልቅ ኮከብ ሲሞት ይፈነዳል፣ እማዬ። ፍርስራሹ ለብዙ ዘመን እየጋለ ጨረር ይረጫል። ኤክስሬይ። እኔ ጠንከር ያለውን ነው የማጠናው።»

«የሐኪም ቤቱን ዓይነት?»

«እሱኑ።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ኤክስሬይን አውቀዋለሁ። እሷን አርግዤ ሳል ይዞኝ ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ባለሙያው ሆዴን እንዳየ ከበሩ መለሰኝ። እሱ እንኳ ማሽኑን የሚያስነሣው ከግድግዳ ጀርባ ተከልሎ ነው። ልጄ ደግሞ የአራት ወር እርጉዝ ናት። የዐምናው ፅንስ ወጥቶባታል። ለምን እንደወጣ የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን እዚያው ማዕድ ላይ ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ።

ሥራ ልቀቂ ብላት ሳቀች። ለባሏ ብነግረው እሱም ሳቀ። እኔ ዘንድ አድረው ነበርና በማግስቱ ሥራ ስትሄድ ተከትያት ወጣሁ።

ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ። እንጦጦ ላይ ስንወርድ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የኮከብ ማያ መሥሪያ ቤቷን ክብ ክብ ነጭ ጣሪያ ሳየው ጋቢዬን አውልቄ ሆዷ ላይ ጠመጠምኩባት።

«እማዬ፣ በናትሽ! ሰው ያየናል።»

«ይየን።»

ውስጥ የተቀበሉን አለቃዋ ሽበት ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው። «ምነው፣ የእንጦጦ ብርድ በሆድ በኩል ነው እንዴ የሚገባው?» ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ልጄ እርጉዝ ናት!» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ልጄ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ለካ ለማንም አልተናገረችም። ሆድሽ እስኪገፋ ለባዳ አትንገሪ፣ ዓይን አይጣልብሽ ብዬ የመከርኳት ራሴ ነኝ።

ሰውየው ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ኮምፒውተሩን አዞሩልኝ። ጥቁር ላይ የተቀደደ ቀለበት የመሰለ ሰማያዊ ነገር ይታያል።

«የፈነዳው ኮከብ ይኸው ነው እናቴ። መሣሪያው ያለው ሳተላይት ላይ ነው። እኛ የሚደርሰን ሥዕሉና ቁጥሩ ብቻ ነው። ጨረሩን አየሩ ከላይ ያስቀረዋል።»

«እዚህ ግን አየሩ ስስ ነው» አልኩ። «እኔ ራሴ መተንፈስ አቅቶኛል። የሳሳ ነገር ደግሞ ያሳልፋል።»

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እውነት ነው፣ ይሳሳል። ቢሆንም ከላያችን የቀረው አየር ቢጨመቅ ከቤትዎ ግድግዳ እጅግ የወፈረ ኮንክሪት ማለት ነው።»

«የኛ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ አያስቀርም።»

«እንግዲያስ የዐሥር ጎረቤት ግድግዳ አንድ ላይ ያስቡት» አሉ።

እሱን ማሰብ ቻልኩ። አመንኳቸው። አምኜም ግን ልቤ አልተመለሰም፤ ይልቁንም ባሰብኝ። ግቢው ውስጥ ለብቻችን ስንሆን ልጄን ያዝኳት።

«ታዲያ የዐምናው በምን ወጣ?»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ተሰበረ። «አላውቅም፣ እማዬ። ሐኪሞቹም አላወቁም። እኔ የማልፈራ ይመስልሻል? ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ደም አያለሁ ብዬ እንቀጠቀጣለሁ።»

ይህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጨረር ቢሆን ኖሮ ከሥራው አስወጥቻት እገላገል ነበር። ስም ከሌለው ነገር ግን ልጅን ወዴት ያወጧታል? ክንዷን ይዤ ወደ ሥራዋ መለስኳት።

አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እንጦጦም ትወጣለች። ማታ ማታ ደውዬ «ተንቀሳቀሰ?» እላታለሁ። «ተንቀሳቀሰ» ትለኛለች። እተኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን በቀን፣ ከእንጦጦ፣ ቀድማ እሷ ደወለች። «ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሏል፣ እማዬ።» ምድጃ ላይ የነበረውን ሽንኩርት እንኳ ያወረድኩት አይመስለኝም። ታክሲው መገናኛ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ፈጥኜ አነሣሁት።

«ረገጠኝ! አሁን ደህና ነኝ፣ ተመለሺ።»

«እሺ» አልኳትና የሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ።