በመዝገብ የሞላው ግድብ

በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ዲግሪ» ነው የሚሉት። ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የውሃውን ሙቀት ስለሚናገር ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲማ በደጁም አላለፈ። በጥበቃ ተቀጥሮ፣ ጀልባ ቀዝፎ፣ መረብ ጠግኖ፣ ከዓመታት በኋላ የግድቡ የትራውት ዓሣ ማጥመጃ ኃላፊ ሆነ። ቴርሞሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ሚስቱ ልጆቹን ልታጥብ ውሃ ስታሞቅ እንኳ «አሥራ አራት ዲግሪ ነው የሚስማማው» ብሏት ያውቃል። የሚስማማው ለትራውት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከተማው ውሃ አነሰው ተባለና የግድቡ ግንብ በዘጠኝ ሜትር ከፍ አለ። ውሃው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሰዉ ሁሉ «እንግዲህ ዓሣውም ሦስት እጥፍ ነው» ብሎ ደስ አለው፤ ዲግሪ ብቻ እንቅልፍ አጣ። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በሚሮጥ ወንዝ፣ ጠጠር ላይ ነው። ያ ወንዝ አሁን ከግድቡ ውሃ ሥር ተኝቷል። ያረጀው ይሞታል፣ የሚተካው የለም። ለሙከራ መረብ በጣለ ቁጥር የሚያወጣው ቅጠል ነው።

«የዓሣ ጫጩት ላኩልኝ» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር፤ «የአጥማጆች መዝገብ እንደሚያሳየው ዓሣው ተትረፍርፏል።»

መዝገቡ! መውጫው በር ላይ የተቀመጠ ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ አጥማጅ ወደ ቤቱ ሲሄድ የያዘውን ይጽፍበታል። ዲግሪ ገልጦ አየው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፤ እሱ አማቱን አወጣ። ሁሌም መጀመሪያ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ በወጡ ማግስት መንጠቆ የገዙ፣ ቁጣቸው የሚፈራ ሰውዬ። አራት ይላሉ። ቀጥሎ ያለው ከሽማግሌ ሊያንስ ነው? አምስት ይላል። ሦስተኛው ስድስት።

ዲግሪ በደብዳቤ ደጋግሞ ሲጨቀጭቀው መሥሪያ ቤቱ አንዲት ባለሙያ ልኮ ቅዳሜ በዓይኗ እንድታይ ፈቀደ። ጫጩት ከተከለከለ ማጥመጃው በዓመቱ መዘጋቱ ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ለክቼ ባዶ እጄን ልቀር ነው?» አላት ሚስቱን።

«አባባ ዘንድ ሂድና ለምናቸው» አለችው።

ዓርብ ሄደ።

«አባባ፣ ነገ እውነቱን ይጻፉልኝ። እርስዎ ከጻፉ ሌላውም ይከተላል።»

«ቤቴ ድረስ የመጣኸው ውሸታም ልትለኝ ነው?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ዓሣ የለም ነው ያልኩት።»

«ልጄን ስሰጥህ እንዲህ ያለ ሰው አልመሰልከኝም ነበር» አሉና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ደህና እደር ሳይባባሉ ተለያዩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሳቸው ግን እያደር የከበዳቸው ይመስላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለሙያዋ ደብተሩ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አማትየው ከረጢታቸውን አንግተው ቀድመው ደረሱ። እስክሪብቶውን አነሡ፤ ዲግሪን ሽቅብ ቁልቁል አዩትና «ዜሮ» ብለው ጻፉ። ከኋላቸው የነበረው አጥማጅ ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔም ዜሮ!» አለ። ዜሮው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ሰው ወረደ፤ አንዱማ «ያለፈውን ዓመትም ዜሮ አድርጉልኝ» ብሎ ለመነ።

ያን ጊዜ የአማትየው ከረጢት ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ባለሙያዋ።

«ንፋስ ነው» አሉ። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ከረጢቱ እንደገና ተራገጠ።

«አባባ፣ ይክፈቱት» አለ ዲግሪ።

«ዜሮ ጻፍ አልከኝ፣ ጻፍኩልህ! ደግሞ ምን ቀረህ?»

ዲግሪ ራሱ ከፈተው። ክንድ የሚያህል ትራውት ነው። ያልያዙትን ሁሉ ሲጽፉ የኖሩት ሰውዬ የያዙትን ለሱ ሲሉ ካዱት። አንጀቱን በሉት። ጫጩቱ ይቅርብኝ ብሎ ቆረጠና ዜሮውን ሰርዞ «አንድ» ብሎ ጻፈ።

«አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ዓሣ» አለች ባለሙያዋ። «ዛሬ ገና መዝገብ አየሁ። ጫጩቱ በሚመጣው ወር ይላክልዎታል።»

ዲግሪ አማቱን ቤታቸው ድረስ ሸኛቸው። አማቲቱ ከረጢቱን ተቀብለው ወጥ ቤት ገቡና ወዲያው ተመለሱ።

«ይሄ ሆድ ዕቃው አልወጣም» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠርጎ፣ ታጥቦ ነበር የሚመጣው።»

አባባ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። «ይሄን... እኔ ነኝ የያዝኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። የሌሎቹንም ሻጭ አውቀዋለሁ።»

አማቲቱ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ባላቸውን ስለ ዓሣው ጠይቀዋቸው አያውቁም ነበር። አሁን ወንበር ሳቡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«በል፣ እንዴት እንደያዝከው ንገረኝ» አሉ።