የፋሲካው በግ ወርች

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እንስሳ መለየት መጀመሪያ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ማክሰኝት ገበያ ሲወስዱኝ ከብቱ መሀል ያቆሙኝና «እግሩን እዪ፣ አፉን እዪ» ይሉኝ ነበር። ሰኮናው ተሰንጥቆ የሚያመሰኳ ይበላል፤ አህያና ፈረስ ሰኮናቸው ድፍን ነውና አይበሉም። ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ግን ያንኑ እግር እያየሁ አድጌ የባዮሎጂ መምህርት ሆንሁ።

አንድ ፋሲካ፣ የታረደውን በግ ወርች ለተማሪዎቼ ብዬ ቀቅዬ፣ አጥንቱን አጽድቼ በክር አያያዝሁት። ማዕድ ላይ አባቴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ዝም ማለት መቼ ፈጥሮብኝ! ከላይ አንድ አጥንት፣ ከሥሩ ሁለት፣ ቀጥሎ እንደ ጠጠር ያሉ የአንጓ አጥንቶች፣ መጨረሻ ጣቶች አልኋቸው። በግ የሚቆመው በሁለት ጣቱ ነው፤ የሰኮናው ስንጥቅም እሱው ነው። የሌሊት ወፍ ክንፍም የሰው እጅም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ከአንድ የጥንት አያት ስለወረስነው በአንድ ወገን እንመደባለን።

«የእርስዎም ክንድ እንዲሁ ነው፣ አባ።»

በሥላሴ አርአያ የተፈጠረውን ሰው ከሚታረድ ጋር ቆጠርሽው ብለው ከማዕድ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ መስቀላቸውን አላሳለሙኝም። ጎረቤቱን ሁሉ ያሳልማሉ፤ እኔ ጎንበስ ስል መስቀሉ ኪስ ይገባል። ተሳስቻለሁ እንዳልል አልተሳሳትሁም፤ ልተወው እንዳልል አባቴ ናቸው። ሳያሳልሙኝ እንዳይሞቱ ብቻ ነበር ጭንቀቴ።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው። ክንዳቸውን በየቀኑ እንዳሸው ሐኪሙ ነገረኝ። ቅባት እየቀባሁ ከትከሻ እስከ ጣት ሳሽ፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እጄ ግን አጥንቶቹን በየተራ ያውቃቸዋል።

አንድ ቀን በተሳሰረ አንደበት፣ ያ የበጉ አጥንት አለ ወይ አሉኝ። ከትምህርት ቤት አመጣሁላቸው። በግራ እጃቸው አጥንቱን ዳበሱ፤ የዛለ ክንዳቸውን ዳበሱ፤ እንደገና ወደ አጥንቱ ተመለሱ።

«ጌታችን በግ መባልን አልናቀም» አሉ። «እኔ ማን ነኝና የምንቀው? መስቀሌን አምጪ።»

ከትራሳቸው ሥር አወጣሁት። በግራ እጃቸው አልተቀበሉኝም፤ ቄስ የሚባርከው በቀኙ ነው። በቀኛቸው መዳፍ አስቀምጬ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፍሁ፤ ክርናቸውን ደግፌም ክንዳቸውን ወደ ግንባሬ አነሣሁት። ከበደኝ። መስቀሉንም፣ እጃቸውንም ሳምሁ።