ሁለት የግራ ፈረሶች

አባቴ ሲሞት አንድ ዳማ ፈረስ፣ ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የገብስ ማሳና አንድ የማልወዳቸው ሰው አወረሰኝ። ሰውየው ጎረቤታችን ናቸው። እኛ አገር በፈረስ ይታረሳል፤ አንድ ፈረስ ብቻ ያለው ሰው እንደሱው አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ አብረው ያርሳሉ። አባቴና እሳቸው ያረጀውን ፈረስ በሌላ እየተኩ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ መቀናጆ ነበሩ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ሚስት አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን ያቀፍኩ ሰው ነበርኩ፤ ጎረቤቴን ግን ለምን እንደማልወዳቸው አላውቅም ነበር። ይህ አለማወቄ ይገርመኝ ነበር። ስለዚህ እያረስን በስውር እመረምራቸው ጀመር። መጀመሪያ ቆሎ ሲቆረጥሙ የሚያሰሙት ድምፅ መሰለኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ከሳቸው ብሶ ይቆረጥማል፤ እሱን ደግሞ እወደዋለሁ። ቆሎው ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ፈረሶቹን በአገውኛ ሲያባብሉ የሚለሰልሰው ድምፃቸው ወደ እኔ ሲዞሩ መድረቁን ጠረጠርኩ። እናቴም ለላሟ እንጂ ለእኔ አትለሰልስም ነበርና ይህንንም ተውኩት።

በመጨረሻ አገኘሁት። «አባትህ ፈር እንዲህ አያጣምምም ነበር። አባትህ እርፍ እንዲህ አይጨብጥም ነበር።» ቀኑን ሙሉ አባትህ፣ አባትህ! ምክንያቱን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ለሚስቴ ነገርኳት።

«እና ለምን አትነግራቸውም?» አለችኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልችልበትም። ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ እንጂ። ግንቦት ሲገባ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ዘንድሮ ከአክስቴ ልጅ ጋር ልቀናጅ ነው አልኳቸው። «የሱን ፈረስ አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ቅናት መሰለኝ።

እኔ ያየሁት ፈረሱን ሳይሆን ሰውየውን ነበር። የአክስቴ ልጅ ተጫዋች ነው፤ ከሱ ጋር ማረስ ሠርግ ቤት መዋል ነው ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ቀን ፈረሶቹን ስንጠምድ ግን ጉድ ፈላ። የኔ ዳማ ከልጅነቱ የቀንበሩን ግራ የለመደ ነው። የሱም ፈረስ እንደዚያው የግራ ፈረስ! የሱን በቀኝ ስናደርገው ዳማን እየገፋ ከፈሩ ያወጣዋል፤ ዳማን በቀኝ ስናደርገው እንደ ግንድ ተተክሎ ይቆማል። የመጀመሪያውን ቀን ሳቅን። በሁለተኛው ቀን ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ቀንበሩ ተሰነጠቀ፣ እኛም ተሰዳደብን። የምወደውን ሰው ለመጥላት ሦስት ቀን በቃኝ።

በዳንግላ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሚስቴ ልጁን እንዳዘለች ወጥታ ያልታረሰውን ማሳ አየችና፣ «ዘንድሮ ገብስ የለንም ማለት ነው?» አለችኝ። የዓመት እህላችን ያው ማሳ ብቻ ነበር። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ። ለቡላ ፈረሳቸው ገለባ እያቀረቡ ነበር። የሳቸውም ማሳ አልታረሰም። ይቅርታ ጠየቅኩና፣ ለምን ሌላ መቀናጆ እንዳልፈለጉ ጠየቅኳቸው።

«ቡላ ከዳማ ጋር ነው የለመደው» አሉኝ። «አንተም ትመለሳለህ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ያ ምርምሬ አገረሸብኝ መሰለኝ፣ ሳላስበው፣ «እርስዎ ግን እኔን ይወዱኛል?» አልኳቸው።

«አልወድህም» አሉ፣ ቅንጣት ሳያመነቱ።

ደነገጥኩ። እኔ ሰው ልጠላ እንደምችል እንጂ፣ የምጠላው ሰው ሊጠላኝ እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር። «ምኔን?» አልኩ።

«ዝምታህን። አባትህን በቀበርን ሳምንት መጥተህ እርፉን ጨበጥክ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተንፍሰህልኛል? ለቅሶ ቤት ውስጥ የማርስ ነው የሚመስለኝ። እኔም ምን ላድርግ፣ አባትህን አወራለሁ። ካንተ ጋር ሌላ የጋራ ወሬ የለኝም።» ገለባውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ቡላ አዞሩ። «ደግሞ ናፍቆኛል» አሉ ቀስ ብለው።

ዳማን ላመጣ ሄድኩ። ዳማ በግራ፣ ቡላ በቀኝ ቆሙ፤ ማንም ሳይነግራቸው ተራመዱ። ሁለት ፈር እንደ ልማዴ በዝምታ አረስኩ። ሦስተኛው ላይ ማረሻው ድንጋይ መታና ፈሩ ተጣመመ። «አባትህ» እስኪሉ ጠበቅኩ፤ አላሉም። አፌን ለመክፈት የዚያን ቀን ያህል ጨንቆኝ አያውቅም።

«አባቴ ግን» አልኩ፣ «እውነት ፈር አያጣምምም ነበር?»

ፈረሶቹን አስቆሙና እኔን ሳይሆን ማሳውን ረጅም ጊዜ አዩ።

«ኧረ እሱ ካንተም ይብስ ነበር» አሉኝ።